የዱባይ ሣር አጫጅና የላምበረት ጀለሶች

ጎልፍ ሲባል ትዝ የሚላችሁ ነጭ ሱሪ የለበሰ ባለሀብት ነው አይደል? አልፈርድባችሁም። ከላምበረት በመገናኛ አድርጋችሁ ወደ 4 ኪሎ ስትወርዱ እንግሊዝ ኤምባሲ የሚባለውን ፌርማታ ታውቁታላችሁ። ከዚያ አጥር ጀርባ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ እንዳለ ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? እኛ የሰፈሩ ልጆች በሩ ላይ ስንመላለስ አድገን አንድም ቀን አልሰማንም።

እኔ ጎልፍን ያወቅሁት ዱባይ ነው። ተጫውቼ እንዳይመስላችሁ! ሣር አጫጅ ነበርኩ። እዚያ በረሃ ላይ የመጀመሪያው የሣር ጎልፍ ሜዳ የተከፈተው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ የሠራሁት ከዚያ ወዲህ በተሠራ ሌላ ሜዳ ላይ ነው። ሳይነጋ ተነስተን ጤዛውን እንጠርጋለን፣ ሣሩን እናጭዳለን፣ የትናንቱን ጉድጓድ ደፍነን ትንሽ ራቅ ብለን አዲስ እንቆፍራለን። አዎ፣ ሣሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዳይረገጥ ጉድጓዱ በየጊዜው ቦታ ይቀይራል። ሐምሌ ደግሞ እዚያ እሳት ነው። ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰው ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። በዚያች ሁለት ሰዓት ተኩል ጥላ ሥር ጋደም ብዬ የሚናፍቀኝ ምን ነበር መሰላችሁ? የላምበረት መናኸሪያ ጭቃ! ሳቁ፣ ግን እውነቴን ነው።

ከተመለስኩ በኋላ የአንዱ ጀለሳችን አጎት አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ያለው የጎልፍ ክለብ አባል ነበሩና በክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘውን ይሄዱ ጀመር። ዝናብ ሳይመጣ በጠዋት ነው የምንሄደው። ኳሷ ጭቃ ውስጥ ትሰምጣለች፣ አራት ሆነን እንፈልጋለን፣ አንዱ ዱላውን እንደ ገና ጨዋታ ይወዘውዘዋል... ከዚያ ቡና ነው፣ ወሬ ነው። ወሬው ግን ሁሌ ዞሮ ዞሮ ዱባይ ነው።

ከመካከላችን መናኸሪያው ውስጥ በረዳትነት የሚሠራ አለ። ስለ ሕንጻው፣ ስለ መኪናው ስናገር ዓይኑ ይበራል። ደላላው የወሰደብኝን ብድር ለመክፈል አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ፈጀብኝ ስናገር ግን ስልኩን ይነካካል። ሰሞኑን አንድ ደላላ የጉብኝት ቪዛ አወጣልሃለሁ ብሎታል። «ወንድሜ፣ የጉብኝት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠርብሃል፣ ከተያዝክም ትባረራለህ። የምትሄድ ከሆነ የሥራ ውልህን በእጅህ ይዘህ፣ አስነብበህ ሂድ» አልኩት። «አንተ በልተህ መጣህና እኛን ጦም ልታሳድረን ነው?» ብሎ ተቆጣ። ካሁን በኋላ ቅዳሜ አይመጣም።

አባባሉ አሞኛል፤ ውሸት ነው ማለት ግን አልችልም። የእህቴን የኮሌጅ ክፍያ የከፈልኩት በዚያ ሣር ነዋ!

ባለፈው ሐሙስ እናቱ ቤት ጠሩኝ። ጉልት ቸርቻሪ ናቸው። ቡና አፍልተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንተ አገሩን ታውቀዋለህ። የፊታችን እሁድ ዕቁቤ ይወጣልኛል፤ ስጪኝ ብሎ ይዞኛል። ልስጠው ወይስ ይቅር?» አሉኝ። «እማማ፣ እስከ ቅዳሜ ይታገሡኝ» ብዬ ወጣሁ።

ውሉን እንዲያሳየኝ ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ አያነሳም። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ለእማማ ምን ትሏቸዋላችሁ?