ጅብ ከሄደ የደረሰ ፊልም

ባሌ ሮቤ ገበያ ላይ ላቡቡ ተሰቅሏል። ላቡቡን ላላየ አንባቢ፦ ጆሮው የጥንቸል፣ ጥርሱ የአውሬ፣ ፈገግታው ደግሞ ወንድሙ ሲገረፍ ቆሞ የሚያይ ልጅ ፈገግታ የሆነ፣ ቦርሳ ላይ የሚንጠለጠል አሻንጉሊት ነው። ካሲንግ ሉንግ የሚባል የሆንግ ኮንግ ተወላጅ ሠዓሊ በ2015 ፈጠረው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጥፋቱም የነሱ ነውና)። ከ2019 ጀምሮ ፖፕ ማርት የተባለ የቻይና ኩባንያ ያዘውና ዓለምን አሰለፈበት። እውነተኛው ላቡቡ ዘጠኝ ጥርስ አለው። የሮቤው ግን እንደ ሻጩ ቸርነት ሰባትም አሥራ አንድም ሊኖረው ይችላል፤ ማንም አልቆጠረበትም።

በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሶኒ ፒክቸርስ የላቡቡን ፊልም የመሥራት መብት መያዙ ተዘገበ። ዜናውን ስሰማ አፌ ላይ የመጣው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ነው። ፊልም ተጽፎ፣ ተሠርቶ፣ ሲኒማ ቤት እስኪደርስ ሁለትም ሦስትም ዓመት ይፈጃል። የመጫወቻ ፋሽን ግን ክረምቱ ሲወጣ አብሮ የሚወጣ ነገር ነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሒሳብ የሚችሉ ሰዎች አይደሉም እንዴ? ለቀብር ሁልጊዜ ከሠልስት በኋላ የሚደርሱት ለምንድን ነው? ይህን ጠባይ ከየት አመጡት? ብዬ ሥሩን መቆፈር ያዝኩ።

ሥሩ 1969 ላይ ይገኛል። ማቴል የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ «ሆት ዊልስ» የምትባለዋን ትንሽ የብረት መኪና ባወጣ በዓመቱ፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የራሷ የካርቱን ፊልም ተሠራላት። ሌላ የመጫወቻ ኩባንያ ተቆጥቶ ለመንግሥት አቤት አለ፤ ይሄ ፊልም ሳይሆን ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ማስታወቂያ ነው ብሎ። የቴሌቪዥን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ተስማማ። በዚህ ምክንያት መጫወቻና ካርቱን ለአሥር ዓመት ያህል በይፋ መጋባት ተቸገሩ። በ1980ዎቹ የሬጋን መንግሥት ገመዱን ሲያላላው ግን፣ ድግሱ ከታፈነው ፍቅር በላይ ሆነ።

የመጀመሪያው ሙሽራ ሂ-ማን ነበር። ማቴል የ«ስታር ዋርስ»ን መጫወቻ የመሥራት ዕድል ቀርቦለት «ይቅርብኝ» ያለ ድርጅት ነው። ሌላው ወስዶ ሲከብርበት ጊዜ እጁን ነክሶ የራሱን ጀግና ፍለጋ ገባ፤ በ1982 ጡንቻው ያበጠ፣ ጎራዴ የያዘ፣ ሙታንታ ብቻ የታጠቀ ጎረምሳ ወለደ። የሚጋልበው ነብር ከሌላ መጫወቻ የተረፈ ነበር። መጠኑ ለሂ-ማን አልገጠም ብሎ ከፈረስ ሊበልጥ ሲደርስ፣ አረንጓዴ ቀቡትና ኮርቻ ጫኑበት። ታሪክ ያልነበረው መጫወቻ ነውና ታሪክ ተጻፈለት፤ ከ1983 ጀምሮ 130 ክፍል ካርቱን ታየለት። በ1986 በአሜሪካ ብቻ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሸጠ።

በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ትልቁ ፊልም የታሰበው። ካነን የተባለው ኩባንያ ዶልፍ ሉንድግረንን ቀጥሮ በነሐሴ 1987 ሲኒማ ቤት አደረሰው። በዚያው ዓመት የሂ-ማን ሽያጭ ከ400 ሚሊዮን ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ወርዶ ነበር። ልጆቹ ጥለውት ሄደዋል። ካነንም ገንዘቡ አልቆበት፣ የመጨረሻውን ታላቅ ፍልሚያ ጨለማ ውስጥ ለመቅረጽ ተገደደ።

ፊልሙ ሮቤ ሲደርስ ስንት ዓመት እንዳለፈው እግዜር ይወቅ። እኛ ያየነው ጭቃ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ በተጋረደ፣ ወንበሩ አጣና በሆነ ቪዲዮ ቤት ነው። ከውጭ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የጎራዴውን ኳኳታ ለመንገደኛ በነፃ ያድላል፤ ከውስጥ ደግሞ ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ልጅ «አሁን ይገለዋል! አሁን ያድነዋል!» እያለ ሳይጠየቅ ይተረጉማል። ዋናውን ተዋናይ «ድራጎ» ነበር የምንለው፤ በ«ሮኪ 4» ላይ ሮኪን ሲደበድብ አይተነዋልና። ያ የጨለማው ፍልሚያ ሲመጣ ቤቱ በሙሉ «መብራት ሄደ!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ተነሥቶ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። የካነን ኪሳራ ሮቤ ድረስ መጥቶ የመብራት ኃይልን ስም አስጠፋ ማለት ነው።

ሂ-ማን መጫወቻ መሆኑን ግን ከመሃላችን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ፊልሙ ማስታወቂያ ነው፤ ዕቃው ግን ሮቤ ደርሶ አያውቅም፤ አሜሪካም ከመደርደሪያ ከወረደ ቆይቷል። እናም የዓለም ምርጥ ነጋዴዎች የደከሙበት ማስታወቂያ አጣና ላይ ተኮልኩሎ ለተቀመጠ፣ ሊገዛ ቢፈልግ እንኳ የሚገዛው ለሌለ ሕዝብ ተላለፈ። እኛም ታሪኩን ብቻ ወሰድን። በነጋታው ጎራዴው ከዘይት ቆርቆሮ ተቀጠቀጠ፤ ጋሻው የድስት ክዳን ሆነ። የእናቶች ዘመቻ ከሰዓት በኋላ እስኪጀመር ድረስ ሰፈሩ በሂ-ማን እጅ ነበር።

የባሰ ታሪክ ያለው «ትራንስፎርመርስ» ነው። መኪና የነበረው ተገለባብጦ ሰው መሳይ የሚሆንበት መጫወቻ፣ ትውልዱ ጃፓን ሲሆን በ1984 ሃዝብሮ አሜሪካ አስገባው። በ1986 ፊልሙ ሲሠራ የኩባንያው ጭንቀት ሌላ ነበር፤ አሮጌው ሞዴል ወጥቶ አዲሱ መደርደሪያው ላይ መውጣት አለበት። ስለዚህ የልጆቹን ጀግና ኦፕቲመስ ፕራይምን ፊልሙ ውስጥ ገደሉት። ሲኒማ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ፤ ወላጆች የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ሃዝብሮ ደንግጦ በዓመቱ ሟቹን ከሙታን አስነሣ። ሊወጣ በዝግጅት ላይ በነበረው የኩባንያው ሌላ ፊልም «ጂ.አይ. ጆ» ውስጥ ሊሞት ተፈርዶበት የነበረው ዱክ የተባለ ወታደርም በችኮላ ራሱን ብቻ እንዲስት ተደርጎ ተረፈ። የዕቃ ግምጃ ቤት ለማስለቀቅ ሰው ሲሞት፣ በለቅሶ ብዛትም ሲነሣ ያየሁት እዚህ ታሪክ ውስጥ ብቻ ነው።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ሃንጋሪያዊው ኤርኖ ሩቢክ በ1974 የሠራው ባለ ቀለም ኩብ ዓለምን ካሳበደና ሰው ከሰለቸው በኋላ፣ በ1983 እግርና ፊት ተቀጥሎለት ካርቱን ሆነ። «ጋርቤጅ ፔይል ኪድስ» የተባለው የማስቲካ ካርድ፣ በዘመኑ የጨርቅ ሕፃን አሻንጉሊት ላይ ለማሾፍ በ1985 የወጣ ነበር። በ1987 ፊልም ሲሠራለት፣ በፋሽን ላይ የሚያሾፍ ሌላ ፋሽን ላይ የተሠራ በመሆኑ፣ ተመልካቹ የትኛው ላይ እንደሚስቅ ሳያውቅ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የሰዓት ይመስላል፤ ዘግይተው ደረሱ ብቻ። ነገር ግን ቁፋሮውን ስቀጥል ሌላ ነገር አገኘሁ። ትሮል የሚባለውን ፀጉሩ የቆመ አሻንጉሊት ቶማስ ዳም የተባለ ዴንማርካዊ እንጨት ቆራጭ ነው የሠራው። በ1960ዎቹ አሜሪካን አጥለቀለቀ። በ1965 ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤት በባለቤትነት ምልክቱ ላይ ስህተት አግኝቶ መብቱን አሳጣው፤ ማንም እየቀዳ ይሸጠው ጀመር። በ1990ዎቹ እንደገና ፋሽን ሆነ፤ ያኔም ትልቅ ፊልም አልወጣለትም። በ2003 የዳም ቤተሰብ ድርጅት መብቱን አስመለሰ። በ2013 ድሪምወርክስ ገዛው፤ በ2016 ፊልሙ ወጣ።

ቤይብሌድም እንዲሁ ነው። የጃፓን ልጆች ለብዙ ዘመን በገመድ እያሽከረከሩ የሚጋጩበት፣ ቤይጎማ የሚሉት የብረት መጫወቻ ነበራቸው። የማንም አልነበረም፤ ፊልምም የለውም። ታካራ የተባለው ኩባንያ በ1999 ፕላስቲክ ጨምሮበት ስም አስመዘገበበት፤ በ2001 ካርቱኑ ተከተለ። ሮቤ ውስጥ ዲሽ የሰቀሉ ቤቶች በዓረብኛ አዩት። ቋንቋው ያልገባቸው ልጆች ጭቅጭቁ ገባቸው። በማግሥቱ ቆርኪ በሚስማር ተበስቶ፣ የእስክሪብቶ ጫፍ ተሰክቶበት፣ ሣህን ውስጥ እየተሽከረከረ ይጋጭ ነበር። ታካራ ባለቤት ያደረገለትን መጫወቻ የሮቤ ልጆች መልሰው ባለቤት አሳጡት።

ስለዚህ ፊልም ሠሪዎቹ ጅቡ መሄዱን አጥተውት አይደለም። ፊልም የሚሠራው ፋሽን ለሆነ ነገር ሳይሆን ፈራሚ ላለው ነገር ነው። መብቱን የሚሸጥ ሲኖር ገዢ አለ፤ ገዢ ሲኖር ፊልም አለ። መጫወቻው ሞቶም ቢሆን ወረቀቱ ሕያው ነው። የቀድሞው ልጅ ደግሞ አድጎ ትኬት ከፋይ ወላጅ እስኪሆን ወረቀቱ ይጠብቃል። በ1959 የተወለደችው ባርቢ በ2023 ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባችው የልጅ ልጆቿ ሲደርሱ ነው።

በዚህ ዓይን የኛን መንደር ስመለከት ነገሩ ይገለጥልኛል። ብይ የማንም አይደለም። ሰኞ ማክሰኞ ፈራሚ የለውም። ገበጣ ላይ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ረጅም ጥናት አሳትመዋል፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ጉድጓዱን «የኔ ነው» ያለ ኩባንያ አልመጣም። ባሌ ስንዴ አገር ነው፤ ኮምባይነር በየመንገዱ ይታያል፤ ልጆቹም ይሠሩታል። አንድ ቀን ከጎባ መንገድ ዳር አንድ ልጅ ይዞ ያየሁት ኮምባይነር ገላው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ ጎማው ከነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ፣ ከፊቱ ደግሞ ሲገፋ በላስቲክ የሚዞር የሽቦ ማጨጃ ያለው ነበር።

«ማሙሽ፣ ስንት ትሸጥልኛለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አይሸጥም» አለኝ ሣሩ ላይ እየገፋው፤ «ገና አጭዶ አልጨረሰም።»

ፊልም ሠሪ ቢመጣ ከማን ይፈራረም?

ያለ መጫወቻ ገበያ ለልጆች መሥራት እንደሚቻል ግን ይሄው ባሌ ምስክር አለው። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ የባሌ ተወላጅ ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ከተከፈተ ጀምሮ ለአርባ ዓመት ከዘለለ ጊዜ ለልጆች ተረት ሲያወሩ፣ እንስሳውን በድምፃቸውና በእጃቸው እየሆኑ ነበር። የአባባ ተስፋዬ ጥንቸል አሻንጉሊት ሆኖ አልተሸጠም። በ2017 ሲያርፉ ግን ያለቀሱት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ያለቀሱትም ለተረቱ ነው። በ2006 ደግሞ እነ ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ሲጀምሩ ቀጭኔዋ ፀሐይ የመጣችው ፊደልና ጤና ልታስተምር ነው። አሻንጉሊቷ የሱቅ ዕቃ ሳትሆን ተዋናይ ነበረች።

እንግዲህ ላቡቡ ፊልሙ ደርሶለት ሲመጣ የሮቤው ሰባት ጥርስ ቦርሳ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ብይ ግን ይኖራል። ለአገራችን ፊልም ሠሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስለ ብይ፣ ስለ ገበጣ፣ ስለ ቆርቆሮ ኮምባይነር ፊልም ለመሥራት የሚከፈል የመብት ገንዘብ የለም፤ የሚከስም የለም፤ ፋሽኑ አልፎበት የሚያሳፍርም የለም። ብትዘገዩም ደርሳችኋል፤ ጀምሩ።