የአንዲት ቀዳዳ ነገር

በመኝታ ክፍላችን ሁለት ተደራራቢ አልጋዎች፥ ይኸውም የአራት ሰው መኝታ አለ። «እኛ» ስንል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስታችንን ማለታችን ኖሯል። ይኸን ያወቅነው በቅርቡ፥ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ምክንያት ነው። ነገሩ በሣቅ የተጀመረ ቢሆንም መጨረሻው ሣቅ ብቻ ስላልሆነ ለአንባብያን ማካፈል ወደድን።

አራተኛችን ዐይነ ሥውር ነው። ከእኛው ጋር ታሪክ ያጠናል፤ በማርክ ይበልጠናል። ስልኩ ላይ ጣቱ የነካውን ሁሉ በድምፅ የሚነግረው ቶክባክ የሚባል ፕሮግራም አለ። የምናጠናው ጽሑፍ ግን አብዛኛው የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ በመሆኑ፥ እንዲህ ያለውን የደበዘዘ ወረቀት ስልኩ ሊያነብለት አይችልም። ስለዚህ የሰው አንባቢ ያሻዋል፤ አንባቢዎቹም እኛ ነን። አምና ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን እናነብለት ነበር። ዘንድሮ ግን ብልጠት መጣ። ምዕራፎቹን ለሦስት ተከፋፈልንና እያንዳንዳችን በተመቸን ሰዓት እያነበብን ስልኩ ላይ እንቀዳለታለን። እሱ መብራት ከጠፋ በኋላ ኢርፎኑን ሰክቶ ያዳምጣል፤ እኛ እንተኛለን። በቃ፥ ቴክኖሎጂ ማለት ይኸ ነው አልን።

ፋይናል ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው፥ ቅዳሜ ማታ፥ «ልጆች፥ ድምፃችሁ ጠፋብኝ» አለን።

ስልኩን ተቀብለን ኢርፎኑን እየተቀባበልን ሞከርን። መጀመሪያ ዘፈን ከፈትን። ከበሮው አለ፤ ክራሩ አለ፤ ዘፋኙ ግን የለም። ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ከሩቅ ትንሽ ቃና ብቻ ይመጣል። «ሠርግ አለ ሙሽራ የለም!» ብለን ሣቅን። ቀጥለን ያነበብነውን ስንከፍት ደግሞ ጭራሽ ዝም ያለ ያህል ነው። የብዙ ቀን ንባባችን ሰዓቱ ይቆጥራል እንጂ አይሰማም።

እሱ አልሣቀም። መሰኪያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፥ «እስከ መጨረሻው አልገባም። ይኸው ጥፍሬ ይገባበታል» አለ። «ቆይ እስቲ እንየው» አልነው። ጉድ ያፈላችው ይህች «እንየው» የምትባለው ቃል ናት።

በመጀመሪያ ያደረግነው ሁሉ ትክክል ነበር። ስልኩን አጥፍተን አበራን። የድምፁን መጠን አየን። የሌላ ሰው ኢርፎን ተውሰን ሰካን፤ ያው ነው። የእሱን ኢርፎን በእኛ ስልክ ላይ ሰካን፤ ዘፋኙ ከነነፍሱ መጣ። ስለዚህ ኢርፎኑ ጤነኛ፥ በሽተኛው ስልኩ መሆኑ ታወቀ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ባለቤቱ የነገረንን ብናስብ ኖሮ ነገሩ ባበቃ ነበር፤ መሰኪያው ካልገባ የሚያግደው ነገር አለ ማለት ነዋ! በባትሪ ብርሃን ስናይ በርግጥም ከቀዳዳው ሥር ግራጫ ነገር ተጠቅጥቋል። የኪስ ብናኝ ነው። ከሱሪ ኪስ የሚወጣው ጥጥ፥ መሰኪያው በገባ ቁጥር እየተገፋ ከርሞ እንደ ባና ጠጥሯል።

መርፌ መጣ።

መርፌውን የያዘው ማናችን እንደሆነ አንጽፍም። አንዱ ሲጎረጉር ሁለተኛው መብራት ይዟል፤ ሦስተኛው «ወደ ግራ፥ ወደ ግራ» ይላል። ስለዚህ መርፌው የሦስታችንም ነው። አራተኛችን «መርፌ ይሻላል?» ብሎ ነበር፤ አልመለስንለትም። ጥጡ አልወጣም፤ ይልቁንም ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ድምፅ፥ ቅጭ! አለች። የሰማት እሱ ብቻ ነው። «ምንድን ነች እሷ?» አለ። «ምንም አይደል» አልነው።

ምንም ሳትሆን ቀረች እንዴ! ኢርፎኑ ተነቅሎ ሳለ በስክሪኑ አናት ላይ የኢርፎን ሥዕል ተለጥፎ ቀረ። ስልኩ ኢርፎን የተሰካበት መስሎታል፤ ድምፁን ሁሉ ወደ ቀዳዳው ይልካል፤ ስፒከሩ ዝም ብሏል። ብንሰካበት ደግሞ ያው ጥጡ አለ። ለእኛ ስልኩ እንደ በፊቱ ነው፤ ይበራል፥ ይከፈታል። እሱ ግን ጣቱን በስክሪኑ ላይ አንሸራተተ፤ ዝም። ደግሞ አንሸራተተ፤ ዝም። ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ጥቂት ቆየና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ነው ሣቃችን የደረቀው።

ይባስ ብሎ ስልኩ ጠራ። ጥሪ ሲመጣ መጮሁን አልተወም፤ ማን እንደ ደወለ ግን አይናገርም። «ማነው?» አለን። «‹እማዬ› ይላል» አልነው። ንግግሩም ወደዚያችው ቀዳዳ ስለሚሄድ የስፒከሩን ምልክት ነካንለት። እናቱ ስለ ምግቡ፥ ስለ ገንዘቡ፥ ስለ ሆዱ ሕመም የሚጠይቁትን ሁሉ ክፍሉ በሙሉ ሰማ። እሱ «ደኅና ነኝ እማዬ፥ ደኅና ነኝ» ብሎ አሳጠረው።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጭጭ አለ። በሦስታችንም ልብ አንድ ተረት ይመላለሳል፤ በእሱ ፊት ግን ማን ይተርተው? በመጨረሻ የተረተው ራሱ ነው። «‹ልትኳል ዐይኗን አጠፋች› አሉ!» ብሎ ሣቀ። እኛ አልሣቅንም።

በማግስቱ የምሕንድስና ተማሪ የሆነ አንድ የአገራችን ልጅ የነገሩን ምሥጢር አስረዳን። የመሰኪያው ውፍረት 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። በላዩ ላይ ሦስት ቀለበቶች አሉ፤ ብረቱን ለአራት ይከፍሉታል። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት አደራደር ጫፉ የግራ ጆሮ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የቀኝ፤ ሦስተኛው የሁለቱም የጋራ መመለሻ፤ አራተኛው የማይክሮፎኑ። በቀዳዳው ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱን የሚነካ ቀጭን የብረት ምላስ ተሠርቶለታል። ከእነዚህ ሌላ «መሰኪያ ገብቷል» ብላ ለስልኩ የምታሳብቅ ምላስም አለች። መርፌያችን ያገኛት እሷን ኖሯል።

መሰኪያው ጥቂት ወደ ኋላ ሲቀር የጋራው መመለሻ ምላሱን ይስታል። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ይዞራል። ያን ጊዜ የሚሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው፤ በሁለቱም በኩል እኩል የሆነው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ዘፋኝ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ፥ ማለትም በግራም በቀኝም እኩል ይቀዳል፤ መሣሪያዎቹ ግን ወዲህና ወዲያ ይበተናሉ። ዘፋኙ ሄዶ ክራሩ የቀረው ለዚህ ነው። በአንዲት ማይክሮፎን የተቀዳው የእኛ ንባብማ በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከነሥሩ ጠፋ። እንግዲህ «ድምፃችሁ ጠፋብኝ፤ መሰኪያው አልገባም» ያለው ልጅ በሽታውንም መንሥኤውንም በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሶት ነበር። አንዱን በጆሮው፥ ሌላውን በጥፍሩ አገኘው። እኛ በስድስት ዐይን መርፌ ይዘን ገባን።

«ይኸን ገመድ ጥሎ ገመድ አልባውን አይገዛም?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በርግጥ ቀዳዳዋ ያረጀች ናት። ትልቋ አያቷ በ19ኛው መቶ ዘመን የስልክ ኦፕሬተሮች ደዋይን ከተደዋይ ያገናኙባት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የሶኒ ዎክማን ደግሞ ትንሿን በየመንገዱ አዞራት። እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ያለ እሷ ወጣ፤ ሌሎች ውድ ስልኮችም ተከተሉት። ርካሾቹ ግን አልጣሏትም፤ ተማሪ የሚይዘው ደግሞ ርካሹን ነው። ከዋጋውም ሌላ አራተኛችን የነገረን ነገር አለ። ገመድ አልባው ድምፁን ጥቂት ያዘገያል። ዘፈን ለሚሰማ ምንም አይደለም፤ በቶክባክ ለሚሠራ ግን ጣቱ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ካለፈ በኋላ የፊተኛው ስም ይመጣበታል። ገመዱ ግን ወዲያው ይናገራል።

ሰኞ ከግቢው ፊት ለፊት ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ሄድን። ጠጋኙ እሱን በአገጩ እያመለከተ፥ «ምን ሆኖበት ነው?» ብሎ እኛን ጠየቀን። ለመመለስ አፋችንን ከፍተን ነበር፤ ደግነቱ ዘጋነው። ባለቤቱ ከመጀመሪያው እስከ ቅጭታዋ ድረስ አንድ በአንድ አስረዳ። ጠጋኙ በአጉሊ መነጽር እያየ ጥጡን በወረንጦ መዝዞ መዳፉ ላይ አኖረው፤ የምስር ፍሬ ታህላለች። ከዚያ ቀና ብሎ፥ «መርፌ ነው አይደል? ሁሉም በመርፌ ነው የሚጀምረው» አለን። «ስልኩን አጥፍታችሁ፥ የስቴኪኒ ጫፍ አቅጥናችሁ፥ ቀስ ብላችሁ ጥርግ ብታደርጉት እዚህ አትመጡም ነበር። አሁን ግን ምላሷ ተሰብራለች፤ ጃኩ መለወጥ አለበት። ዕቃው ከመርካቶ ይመጣል፤ ረቡዕ ተመለሱ።» ዋጋውን ስንሰማ ተያየን። አራተኛችን፥ «መርፌውማ የእናንተ ነው» አለ። ከሻይና ከዳቦ ቀንሰን ከፈልን።

በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች እንደ አምናው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን በየተራ አነበብንለት። እውነቱን እንናገርና፥ ደስ ብሎን ነበር። «እዚህ ላይ ድገም»፥ «ይኸ ከፊተኛው ምዕራፍ ጋር አይጋጭም?» ሲል እኛም ለካ ሳንገነዘብ ነው የቀዳነው እያልን አብረን አጠናን። ማክሰኞ ሌሊት ልባችን ሞቆ፥ «ስልኩ ባይሠራስ! እኛ አለን አይደል?» አልነው።

ጥቂት ዝም አለና፥ «አላችሁ» አለ። «ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ዓመተ ምሕረት ቢጠፋብኝ ማንን ልቀስቅስ? ብቀሰቅሳችሁ ትነሣላችሁ፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ስታዛጉ እሰማለሁ። ስልኩ ሲኖር ማንንም አልለምንም። እናቴም ስትደውል ብቻዬን አናግራታለሁ። እናንተ ማንበብ ስትፈልጉ መጽሐፍ ትገልጣላችሁ እንጂ ሰው ትለምናላችሁ?»

የምንመልሰው አጣን። እኛ ለካ ተፈላጊ መሆናችን ጥሞን ኖሯል። ቀድተን ስንሰጠው ከእሱ ሸሸን፤ ቀዳዳዋ ስትበላሽ ደግሞ ያለ እኛ እንደማይሆንለት አይተን ተደሰትን። በሁለቱም ጊዜ እሱ ምን እንደሚሻ አልጠየቅነውም። የሚሻው ሁለቱንም ነበር፤ ሲፈልግ ብቻውን ሊያዳምጥ፥ ሲፈልግ ከእኛ ጋር ሊከራከር። ምርጫው የእሱ እንዲሆን ነው የፈለገው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ጃክ ገባ። ጠጋኙ ኢርፎኑን ሰክቶ ወደ እኛ ዘረጋ። እኛ ወደ አራተኛችን አሳለፍነው። መጀመሪያ ጥፍሩን በመሰኪያውና በስልኩ መካከል ሞከረ፤ አልገባለትም። ኢርፎኑን ነቀለ፤ ቶክባኩ በስፒከሩ ተናገረ። መልሶ ሰካ፤ ዘፈን ከፈተ፤ መሰኪያውን በጣቱ እያሽከረከረ አዳመጠ። ቀጥሎ የእኛን ንባብ ከፈተና፥ «አሁን መጣችሁ» አለ። ጠጋኙ፥ «አንተን ነበር መቅጠር» አለው።

ለአንባቢ የምንመክረው ብዙ አይደለም። ስልክ ድምፅ ሲከለክላችሁ ኢርፎኑን በሌላ ስልክ፥ ስልኩን በሌላ ኢርፎን ሞክሩ። መሰኪያው እስከ ሥሩ መግባቱን እዩ፤ ማየት ካልበቃችሁ ዳስሱ። መርፌውን ለቁልፍ መስፊያ ተዉት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባለቤቱን ጠይቁት።

ፈተናው አልፏል፤ ውጤቱ ገና አልተለጠፈም። አሁን በክፍላችን የሚነበብ ሲኖር አራታችንም አልጋው ጫፍ ላይ እንሰበሰብና፥ የሚቀዳውንና በአፍ የሚነበበውን እሱ ይለይልናል። ይኸን የምንጽፈው መብራት ሊጠፋ ሲል ነው። እሱ ኢርፎኑን ሰክቶ ወደ ግድግዳው ዞሯል። የማናችንን ድምፅ እንደሚሰማ፥ ወይም ዘፈን ይሁን ሌላ፥ አናውቅም። ማወቅም የለብንም።