ያዕቆብ የተገደለበት ምዕራፍ

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ስናነብ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ጴጥሮስ ነው። በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቷል። መልአክ ጎኑን መትቶ ያስነሣዋል፤ የብረቱ በር በራሱ ይከፈታል፤ ሮዴ የምትባለው ልጅ ድምፁን ስትሰማ ከደስታዋ ብዛት በሩን ሳትከፍት ወደ ውስጥ ትሮጣለች። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ምዕራፉ የሚጀምረው ግን በጴጥሮስ አይደለም። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ እንዳስገደለው በመናገር ነው የሚጀምረው። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። መልአክ አልመጣም፣ የተከፈተም በር የለም። ያዕቆብ ተገደለ፣ ከዚያ ታሪኩ ወደ ጴጥሮስ ያልፋል።

ያዕቆብ ከጴጥሮስ ያነሰ የተወደደ ሰው አልነበረም። የኢያኢሮስ ልጅ ስትነሣ ቤት ውስጥ እንዲገቡ ከተፈቀደላቸው ሦስት ደቀ መዛሙርት አንዱ እሱ ነው። ጌታ መልኩ በተለወጠበት ተራራ ላይም፣ በጌቴሴማኒም ነበረ። ቤተ ክርስቲያን ለጴጥሮስ አጥብቃ እንደጸለየች ተጽፏል። ለያዕቆብ ስለመጸለይዋ የተጻፈ ባይኖርም፣ ያ ሁሉ ምእመን ወንድሙ ታስሮ ዝም ብሎ ተቀምጧል ብዬ ማሰብ ይከብደኛል። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ተቀበረ። ሉቃስ ምክንያቱን አይነግረንም። ያዕቆብ እምነት ጎድሎት ነው አላለም፣ ለበጎ ነው ብሎም ሊያጽናናን አልሞከረም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል።

ስለዚህ ሰው ዛሬ የምጽፈው ከመካከላችን የጴጥሮስ ሳይሆን የያዕቆብ ታሪክ የደረሰበት ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። በቦሳሶ ወይም በኦቦክ አድርጎ ወደ የመን የተሻገረ ልጁ ድምፁ ከጠፋበት የቆየ አባት አለ። በየሳምንቱ ለኩላሊት እጥበት የምትመላለስ እናት፣ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ከየት እንደምታመጣ ሳታውቅ ትጸልያለች። በጦርነት ቤቱን ጥሎ የወጣና መመለሻውን የማያውቅ ቤተሰብ አለ። እነዚህ ሰዎች እሑድ እሑድ አብረውን ይቀመጣሉ፤ አብረውንም ይዘምራሉ። ማይክራፎኑ ግን ወደ እነሱ አይሄድም።

ምስክርነት ስንሰማ የምንሰማው ቪዛ የወጣለትን፣ ዕጢው የጠፋለትን፣ ከመኪና አደጋ የተረፈውን ነው። እግዚአብሔር ለሠራው ሥራ መመስገኑ ትክክል ነው፤ እልል ማለታችንም ትክክል ነው። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ያው ዕጢ ባሏን የወሰደባት ሴት ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ያንን ምስክርነት ስትሰማ ምን ትላለች? የእሷ ጸሎት የት ቀረ? ማንም ሳይነግራት በልቧ የምትደርስበት መልስ አንድ ነው፤ እምነቴ አንሶ ነው። እንዲህ ብለን ሰብከናት አናውቅ ይሆናል፤ ጥያቄዋን ያለ መልስ ስንተወው ግን መልሱን እሷው በራሷ ላይ ትፈርዳለች። ከዚህም አልፎ “ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን ተው” የተባሉና ያንን ሰምተው የሞቱ ሰዎች አሉ። እግዚአብሔርን ማመንና ክኒን መዋጥ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ ይህን መናገር ያለብን ጮክ ብለን ነው።

በአገራችን የያዕቆብን መንገድ ከሄዱት መካከል ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት። ደርግ በተደጋጋሚ አስሯቸዋል። ከእስር ከወጡ በኋላ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ያሉበት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። አልሄዱም። መንጋዬን በፈተና ጊዜ ጥዬ አልወጣም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጡ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኡራኤል ማኅበረ ምእመናን አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ክረምት ነው። አንዱ ፓትርያርክ፣ አንዱ የሉተራን ቄስ። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

የቄስ ጉዲና ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ የባለቤታቸው የወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ታሪክ ነው። ያን ምሽት አብረው ተወስደው ነበር፤ እሳቸውን ከከተማው ዳር ጥለዋቸው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው ታሰሩ። ከባድ ግርፋትና ስቃይ ደረሰባቸው፤ ያለ ክስና ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ። ልጆቻቸው ውጭ ናቸው። ባላቸው ሞተው ይሁን በሕይወት ይኑሩ የሚነግራቸው የለም፤ መቃብር የለም፣ ለቅሶም የለም፣ ተዝካር የሚወጣበትም ቀን የለም። አጽማቸው ሲገኝ 13 ዓመት አልፎ ነበር።

የባል ውሳኔ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ይወሰናል። የሚስቲቱ ግን በየማለዳው የሚመጣ ነው። ሦስት ሺህ ጊዜ ነግቶ፣ ሦስት ሺህ ጊዜ በሩ አልተከፈተም። በእነዚያ ሌሊቶች ምን ብለው እንደጸለዩ ልገምት አልደፍርም። የማውቀው ከእስር ከወጡም በኋላ አምላካቸውን እንዳልካዱ፣ የደረሰባቸውንም ግፍ እንዳልደበቁ ነው። የሆነውን ተናገሩ፤ በመጽሐፍም ወጣ። ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው ኖሩ። እኛ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ የሚጠበቅብን ይመስለናል፤ አንድም ቁስሉን ሸፍኖ “ተመስገን” ማለት፣ አንድም ቁስሉን ገልጦ እምነትን መተው።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ይህን ምርጫ አላቀረበልንም። አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። በግዕዙ ልማድ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ይደገማል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ነው። ስለዚህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር መዝሙር 87 ይደርሳል፤ በአሁኑ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 88ኛው ማለት ነው። ይህን መዝሙር ሳታነብቡት ከቆያችሁ ዛሬ አንብቡት። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች ወደ መጨረሻው ላይ ይታጠፋሉ፤ “አንተ ግን ታድነኛለህ” የሚል አንድ መስመር ይመጣል። ይህኛው አይታጠፍም። ሰውየው ቀንና ሌሊት ይጮኻል፤ ለምን ፊትህን ሰወርህብኝ ይላል፤ ወዳጆቹ ርቀውታል፤ በጩኸት ይጀምራል፣ በጨለማ ያልቃል። አንዲት “አሜን” እንኳ የለችበትም።

ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ ማውጣት የሚችሉ ብዙ ሰዎች በየዘመኑ ነበሩ። አላወጡትም። አያቴና እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች፣ ደስ ባላቸውም ሐሙስ፣ ባዘኑበትም ሐሙስ ደግመውታል። ጤነኛ ሆነህ ስትደግመው ለማን እንደምትደግመው ላይገባህ ይችላል፤ ምናልባት በዚያ ሰዓት ድምፅ ላጣ ሌላ ሰው ይሆናል። በሰሙነ ሕማማትም ሰቆቃወ ኤርምያስ ይነበባል። ስለ ፈራረሰች ከተማ፣ እንጀራ እየለመኑ ስለሚያለቅሱ ሕፃናት የተጻፈ ልቅሶ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ፣ በእግዚአብሔር ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ለእንባ ቦታ ያላት ቤተ ክርስቲያን ወርሰናል፤ የጠበብነው እኛ ነን።

ድሮ ሰው ግፍ ሲደርስበት ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ቆሞ “አቤት! አቤት!” እያለ ይጮኽ ነበር። ይህ ሰው ንጉሡን የናቀ አይደለም። ንጉሡ ይሰማል፣ መፍረድም ይችላል ብሎ ስላመነ ነው ከቀዬው ተነሥቶ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ቤቱ ይቀራል። በእግዚአብሔር ፊት የሚያማርርም ሰው እንደዚሁ ነው። ኢዮብ በምሬት ተናግሯል፤ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፣ ከእግዚአብሔር ጋር ልሟገት ብሏል። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በሦስቱ ወዳጆቹ ላይ ነው፤ ለኢዮብ መከራ የተሟላ ማብራሪያ ይዘው በመጡት ላይ። ስለ እኔ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ ነው አለ። ይህን ስናነብ ልንደነግጥ ይገባል፤ ምክንያቱም ለቅሶ ቤት ስንሄድ ብዙዎቻችን የምንናገረው እንደ ወዳጆቹ ነው።

አሁን ወደ ጌቴሴማኒ ልሂድ፤ የኔ እምነት የቆመው እዚያ ነውና። ጌታ ጽዋው እንዲያልፍ ሦስት ጊዜ ለመነ። አላለፈም። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 5 ግን ስለዚያ ጸሎት ሲናገር በብርቱ ጩኸትና በእንባ ጸለየ፣ ተሰማለትም ይላል። ብዙ ጊዜ ቆሜ ያሰብኩበት ቦታ ነው። ተሰምቶለት ከሆነ ለምን ተሰቀለ? ጽዋውን እስከ መጨረሻው ጠጥቶት ሳለ እንዴት ተሰማለት ይባላል? እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፤ አብ ልጁን ሰማው፣ መልሱ ግን አርብን ዘልሎ በእሑድ መጣ። ከሞት አላስቀረውም፤ ከሞት አወጣው። ይህ እውነት ከሆነ፣ የያዕቆብም ሆነ የቄስ ጉዲና ጸሎት፣ በዚያ ባሕር የጠፋውም ልጅ አባት ጸሎት ገና መልሱን ጨርሶ አልሰማም። እሑዱ አልደረሰም። ትንሣኤ ከሌለ እኔ የምጽፈው ሁሉ ባዶ ነው፤ ጳውሎስም ይህንኑ ሳያፍር ተናግሯል።

ነገ ይሳካልሃል የሚለው ተስፋ ሌላ ነው። ነገ ላይሳካ ይችላል። ሦስቱ ወጣቶች በእሳቱ እቶን ፊት ቆመው ለናቡከደነፆር ሲመልሱ አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለውም ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባይኖር የመጀመሪያው ከንግድ ስምምነት አይሻልም ነበር። እስራኤላዊ ሁሉ ከባቢሎን እሳት አልወጣም፤ እነዚህ ወጡ። ሲናገሩ ግን እንደሚወጡ አያውቁም ነበር።

እና ለቅሶ ቤት ስንሄድ ምን እንበል? ይህን ጥያቄ በየጊዜው እጠየቃለሁ፤ ስለዚህ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። “እግዚአብሔር ስለሚወዳት ወሰዳት” አትበሉ። እናቲቱም ትወዳት ነበር። “ለበጎ ነው” አትበሉ፤ ያ ቃል በእሷ አፍ ከመጣ፣ በራሷ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ በእናንተ አፍ ግን በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ነው። “አታልቅሺ፣ በጌታ ነው ያንቀላፋው” አትበሉ። በአልዓዛር መቃብር ላይ ጌታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል። ትንሣኤን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለና ነው ልቅሶን በትንሣኤ ስም የምንከለክለው? በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ሙሾና ደረት መድቃት የቀረበት የራሱ ምክንያት አለው፤ በቦታው ግን ሰው ሐዘኑን የሚያወጣበት ሌላ ነገር አልተተካም፤ ዝማሬውም ስብከቱም ሰውየውን ዝም ለማሰኘት የሚሮጥ ሆኗል።

“እግዜር ያጥናሽ” በሉና ተቀመጡ። ስሙን ጥሩት፤ የሞተውን ሰው ስም ለመጥራት አትፍሩ። እድሩ ድንኳኑን ካፈረሰ በኋላ፣ ዘመድ ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ከአርባው በኋላ ሂዱ፤ ቤቱ የሚከብደው ያኔ ነው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የቤት ኪራይ የደረሰባት ከሆነች ስለ ኪራዩ ጠይቋት፤ ልጆች ካሏት ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው ሰው ፈልጉላት። እግዚአብሔርን መጠየቅ ከፈለገች አብራችኋት ጠይቁ፤ ለእሱ ጠበቃ መሆን አይጠበቅባችሁም። መጸለይ ካቃታት ያንን 88ኛውን መዝሙር እናንተ አንብቡላት፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ሌላም አትጨምሩበት።

መጋቢዎቻችንና ካህናቶቻችን ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው የምስክርነት ቀን ጸሎቷ ያልተመለሰላትን፣ ግን እስከ ዛሬ እየመጣች የምትቀመጠውን አንዲት ሴት ጥሩ። የምትናገረው እንዳይቆረጥ፣ በ“ሃሌ ሉያ”ም እንዳይሸፈን ጊዜ ስጧት። ስትጨርስ ስብከት አትቀጥሉ። ጉባኤው አብሯት ይቁም፤ ከዚያ ለሷ ይጸለይ።