አዲሱ ሲመጣ አሮጌው የት ይሂድ?

ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ስለ ፕሮግራሚንግ ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። እኔን ግን ይመለከተኛል። በአንድ ዓምድ ውስጥ አንድ ቃል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ በእስክሪብቶ ጫፍ እየቆጠሩ ከማምሸት ሥራውን ለፓይተን መስጠት ይሻላል።

ፓይተን ራሱ ግን አማርኛን በወጉ መቁጠር የጀመረው ቆይቶ ነው። በፓይተን 2 «ሰላም»ን እንደ ተራ ጽሑፍ ሰጥተን ርዝመቱን ብንጠይቀው 9 ይለን ነበር። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ይቆጥር የነበረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ግን 3 ብሎ ይመልሳል። ታዲያ ይህ መሻሻል ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ለድሮው የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች በአዲሱ ላይ አልሠራ አሉ። አዘጋጆቹም የድሮውን ወዲያው አልጣሉትም። በ2010 ፓይተን 2.7ን አወጡ፤ በ2015 ሊያበቃ የነበረውን ድጋፍም እስከ 2020 መግቢያ አራዘሙት።

የኮምፒዩተሩም ነገር አለ። በ2020 የወጣው ፓይተን 3.9 በዊንዶውስ 7 ላይ አይሠራም። የኔ ላፕቶፕ ደግሞ ከአጎቴ ልጅ የወረስኩት ዊንዶውስ 7 ነው፤ ስለዚህ በ3.8 እሠራለሁ። የ3.8 የደህንነት ጥገናም በ2024 አብቅቷል።

ይሁን እንጂ አዘጋጆቹን መውቀስ አይገባም። አዲስ ነገር በጨመሩ ቁጥር በየአሮጌው ሲስተም ላይ መፈተሽ አለባቸው፤ ይሄ ጊዜና ጉልበት ይበላል። ሁሉን ተሸክሞ መራመድ አይቻልም። ቁም ነገሩ አጣጣሉ ላይ ነው። ቀኑን አስቀድሞ መናገር፣ በአሮጌው ላይ የሚሠራውን የመጨረሻ ዕትምም ለፈላጊው ማስቀመጥ ያስፈልጋል። 3.8 ዛሬም ከፓይተን ድረ ገጽ ይወርዳል።

ቀሪው የኛ ፋንታ ነው። በቅርቡ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ቃላት የሚቆጥር ፕሮግራም ስንጽፍ ተከራከርን። እሱ በ2021 ከፓይተን 3.10 ጋር የመጣውን «ማች» የሚባል ትእዛዝ ካልተጠቀምን አለ። እውነቱን ለመናገር አጻጻፉ ያምራል። በ3.8 ላይ ግን ፕሮግራሙ ገና ሳይጀምር ይቆማል። «በድሮው ‹ኢፍ› ብንጽፈውስ ምን ይጎድለናል?» አልኩት። ሁለት መስመር ረዘመብን እንጂ ሥራው ያው ሆነ። አሁን አዲስ ላፕቶፕ ያለውም የሌለውም የክፍላችን ልጅ ይጠቀምበታል።