ገመዱ ተሰክቷል፣ ኔትወርክ የለም

ከአዲስ አበባ እንግዳ ይዞ ደቡብ ኦሞ የሚወርድ አስጎብኚ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስልም። የኮንሶን እርከን ያስረዳል፤ ወይጦ ላይ በሙቀቱ ይቀልዳል፤ የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ፣ የቱርሚ ሰኞ መሆኑን በቃሉ ይዟል። ጂንካ ሲደርስ ግን ወደ ሙርሲ መንደር ለመሄድ የአካባቢ አስጎብኚ ይጨመራል፤ ማጎ ፓርክ ላይ ደግሞ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይሳፈራል። እስከዚያ ድረስ ወሬ የማያልቅበት ሰው መንደሩ ሲገባ ሰላምታ እንኳ የሚያቀርበው በሌላ ሰው አፍ ነው።

ኮምፒውተር ውስጥም እንዲህ ያለ የርክክብ ቦታ አለ፤ ብዙ ባለሙያ ራሱን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ብዙ ማሽን በተደረደረበት ክፍል ዊንዶውስ እየዞሩ በፍላሽ መጫን አድካሚ ስለሆነ አንድ ሰርቨር ይቀመጣል። ማሽኖቹ ሲበሩ ከሰርቨሩ በኔትወርክ ገመድ ቡት ኢሜጅ ይወስዳሉ። ይህም ጥቂት መቶ ሜጋ ባይት የሚሆን፣ ራም ላይ ተዘርግቶ የሚሠራ፣ ዊንዶውስ ፒኢ የሚባል አነስተኛ ዊንዶውስ ነው። እንግዲህ ማሽኑ ይህን ሁሉ በገመዱ ስቦ ከጨረሰና ከተነሣ በኋላ ፊት ለፊት «ኔትወርክ የለም» ይላል። የሳበበት ገመድ እዚያው ተሰክቷል፤ የሶኬቱ አረንጓዴ መብራት ቦግ እልም እያለች ነው።

ውሸት አይደለም። መጀመሪያ ገመዱን ያናገረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር ነው፤ ለዚያች ሥራ ብቻ የሚበቃ የራሱ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያናግር ፕሮግራም፣ አለው። ኢሜጁ ሥራውን ሲረከብ እሱ ገለል ይላል። ዊንዶውስ ፒኢም ባዶ እጁን አይመጣም፣ ብዙ ድራይቨር ይዟል፤ እሱ ከተሠራ በኋላ ገበያ የወጣውን የኔትወርክ ካርድ ግን ከየት ይወቀው? የመሃል አገሩ አስጎብኚ ዝም ብሏል፣ የአካባቢው አልተሳፈረም።

ሰው እዚህ ላይ ገመድ ይቀይራል። ቀጥሎ ስዊቹን አጥፍቶ ያበራል። ሺፍትንና ኤፍ 10ን አንድ ላይ ቢጫን ግን ጥቁር መስኮት ይከፈትለት ነበር፤ እዚያ «አይፒኮንፊግ» ብሎ ይጻፍ። ችግሩ ገመዱ ከሆነ ካርዱ ይታያል፣ «ሚዲያ ዲስኮኔክትድ» የሚል ጽሑፍም አጠገቡ ይኖራል። ድራይቨር ከጠፋ ግን ካርዱ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የገመዱ ችግር ነው ወይስ የድራይቨሩ የሚለው ክርክር በዚህች አንድ ትእዛዝ ይለያል።

የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ይህ የጥቂት ባለሙያዎች ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። በየትምህርት ተቋሙ ያለ የኮምፒውተር ላብ የተለያየ ዘመን ማሽን የተቀላቀለበት ነው፤ አሮጌዎቹን ያስነሣ ኢሜጅ አዲሶቹ ላይ ሲደርስ ይደነብራል። ጂንካ ላይ ሲሆን ደግሞ ርቀቱ አለ። አዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። የኔትወርኩ ድራይቨር ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዚያው ባልሠራው ካርድ ነው። ስለዚህ በስልክ ይወርድና በኬብል ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። በዚህ በኩል የጂንካ የጥገና ቤት ልጆች የተካኑ ናቸው።

ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ አንዱ ጥገና ቤት በር ላይ ከበና አካባቢ የመጣ ጎልማሳ በርኮታ በምትባለው ትንሽ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ሚሞሪ ካርዱ ዘፈን እስኪጫንበት ይጠብቃል። ውስጥ ከእኔ ጎን አንድ መምህር ላፕቶፕ ይዘው ቆመዋል።

«ዊንዶውስ ልጭን ስል ዲስክ የለም አለኝ። ሃርድ ዲስኩ ሞቶ ነው አይደል?»

«አልሞተም መምህር። አለ፣ አያየውም እንጂ።»

«ካለማ ለምን አያየውም?»

የጥገና ቤቱ ልጅ ማብራሪያ ውስጥ አልገባም፤ ባዮስ ከፍቶ የዲስኩን ስም በጣቱ አሳያቸው። ከ11ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ የሚቀመጠው ቪኤምዲ ከሚባል መቆጣጠሪያ ጀርባ ነው፤ የመጫኛው ፍላሽ የዚህ ድራይቨር ከሌለው ዲስኩን አያገኘውም። ስንት ጤነኛ ዲስክ በዚህ ምክንያት ተነቅሎ አዲስ ተገዝቶበት ይሆን? ድራይቨሩን አምጥተው ፍላሽ ላይ የሚያስቀምጡትም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጡት ጠቅ ሲያደርጉት የሚጫነውን አንዱን ፋይል ነው። መጫኛው ያንን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ተዘርግፎ ውስጡ ያሉትን፣ መጨረሻቸው «ኢንፍ» የሆኑትን ፋይሎች ነው።

እያለ አለመታየት ሲባል የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች ትዝ ይሉኛል። ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር፤ መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2012 እ.ኤ.አ. እንደተናገረው አንድ የራሳቸው ሰው ካሜራውን በሶፍትዌር ዘግቶት ነበር። ልጆቹ ካሜራ እንዳለ ደርሰውበት ከፈቱት። ሩቅ ተቀምጦ ኢሜጅ የሚሠራ ሰው መንደር ውስጥ ማን እንደሚከፍተው መቼ ያስባል?

ወደ ካርዱ ልመለስ። የማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈው ስም ብዙ አይጠቅምም፤ አንድ ሞዴል የተለያየ የኔትወርክ ካርድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። መጠየቅ ያለበት ካርዱ ነው። ማሽኑ ላይ የቆየ የሚሠራ ዊንዶውስ ካለ፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የአምራቹንና የዕቃውን መለያ ቁጥር ያሳያል። የኢንቴል የአምራች ቁጥር 8086 ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮሰሰር ስም መሆኑ ነው። ቀልድ ይሁን ኩራት እንጃ፣ ብቻ አንዴ ያያት ሰው አይረሳትም።

እዚህ አገር ግን ቁጥር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁሉም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ድራይቨር ፓክ የሚባል የድራይቨር ጥቅል አለ፤ «ሁሉንም ክተተው፣ አንዱ ይይዛል» ይባላል። ለአንድ ላፕቶፕ ይሁን እሺ። ለቡት ኢሜጅ ግን አይሆንም። ኢሜጁ ራም ላይ ነው የሚዘረጋው፣ በገመድ ነው ለየማሽኑ የሚሄደው፤ ሲያብጥ ላቡ በሙሉ ይንቀራፈፋል፣ የማይሆን ድራይቨር ቀድሞ የሚይዝበት ጊዜም አለ። አንዲቷን ትክክለኛ ድራይቨር መጀመሪያ ጥቁሩ መስኮት ላይ «ድራቭሎድ» በሚባለው ትእዛዝ ለጊዜው መሞከር፣ ካርዱ ከታየ ኢሜጁ ውስጥ ማስገባት። በቃ።

ማስገባቱም የራሱ ወጥመድ አለው። ከዊንዶውስ መጫኛ የሚወጣው ቡት ኢሜጅ ውስጡ ሁለት ክፍል ነው፤ መጫኛው የሚነሣው ከሁለተኛው ነው። ባለሙያው አንደኛው ላይ ጨምሮ፣ «በተሳካ ሁኔታ ተጨምሯል» የሚል መልእክት አይቶ፣ ማሽኑን አስነሥቶ ያንኑ «የለም» ያነብባል። የጥገና ቤቱ ልጅ ይህን ያውቀዋል፤ ሁለቱም ላይ ነው የሚጨምረው። ዋናው ዊንዶውስ ያለበት ፋይል ደግሞ ሌላ ነው፣ ቡቱ ላይ የተጨመረውን አይወርስም፤ እዚያም ካልተጨመረ ዊንዶውሱ ተጭኖ ሲያልቅ ኔትወርኩ እንደገና ይጠፋል አልኩት።

«እሱንስ አልጨመርኩም» አለና የነቀለውን ፍላሽ መልሶ ሰካ።