ኩላሊት በማን ይቆጣል?

ሐኪሙ የእማዬን ውጤት አየና «ኩላሊቷ ተቆጥቷል» አለኝ። በማን? ልለው ፈልጌ ነበር። የተመረቅኩት በጋዜጠኝነት ነው፤ ያን ቀን ግን ጥያቄ ጠፋኝ። ቤት ስንገባ እኔ ተቆጣሁ። «ሻይሽ ላይ ያ ሁሉ ስኳር!» አልኳት። አቀርቅራ ነጠላዋን አስተካከለች።

እናንተዬ፣ ነገሩ ለካ እንዲህ ቀላል አይደለም! ደም ውስጥ የበዛው ስኳር የኩላሊትን ሴሎች ሲያስጨንቃቸው ብግነት የሚቀሰቅሱ ጂኖች ይነቃሉ፤ «ድረሱልን» የሚሉ ፕሮቲኖች ይመረታሉ። ነጭ የደም ሴሎችም ይደርሳሉ። ቁስል ቢሆን አድነው ይመለሱ ነበር። እዚህ ግን ስኳሩ ስለማይሄድ እነሱም አይሄዱም (ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ድንኳን ውስጥ እንደ ቀረ ዘመድ በሉት)። ሲቆይ የኩላሊቱ ማጣሪያ ጠባሳ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት በስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ 194 የብግነት ፕሮቲኖችን ለክቶ ነበር። 17ቱ በ10 ዓመት ውስጥ ኩላሊቱ ሥራ ለማቆም የተቃረበውን ሰው ከሌላው ለዩ። ሁሉም የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ የሁሉም ሰውነት ግን እኩል አልተቆጣም። ይህን ሳነብ ስለ ሻይዋ የተናገርኩት አሳፈረኝ።

እርግጥ ስኳርና ደም ግፊትን መቆጣጠር ዛሬም ዋናው ነው። ግን ኩላሊት ሲጀምረው አያሳምምም። ለዚህ ነው ሽንት ውስጥ አልቡሚን መኖሩ በዓመት አንዴ የሚመረመረው። ለእማዬ ለዓመታት ማንም አላዘዘላትም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ጠያቂዋ!

ትናንት «ይቅርታ» አልኳት።

«ለምኑ?» አለችኝ፣ ያለ ስኳር ሻይዋን ፉት እያለች።