የዋግ ልጅ የሚያውቃቸው ወፎች

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ፣ ሃንትሊ ሜዶውስ የሚባል ረግረግ አለ። ውሃው ላይ በተዘረጋው የእንጨት መንገድ ጓደኛሞች ገና በማለዳ የርቀት መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ። ሸምበቆው መሀል ዳክዬ ወይም ሽመላ ሲያዩ ስሙን፣ ብዛቱንና ሰዓቱን ኢበርድ ላይ ይመዘግባሉ፤ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው መዝገብ ነው። በዚህ ረግረግ ከ200 በላይ የወፍ ዝርያዎች ታይተዋል።

ዋግ ኽምራ ያደገ ሰውም ከወፍ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ ትውውቁ ግን በማሽላ ምክንያት ነው። በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ይወጣሉ። ጠጠሩን ወንጭፉ ላይ ያኖሩና ከራሳቸው በላይ አሽከርክረው አንዱን ጫፍ ይለቁታል፤ መንጋው ብር ብሎ ይነሳል። ወፍ አጥብቆ የሚበላው ንጋትና አመሻሽ ላይ ስለሆነ ጠባቂው ፀሐይ ሳትወጣ መድረስ አለበት። የሃንትሊ ሜዶውሶቹም የሚማልዱት ወፉ በዚያ ሰዓት ስለሚንቀሳቀስ ነው።

ግሪሳ 20 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው፤ መንጋዋ ሚሊዮን ሲደርስ ግን አውሮፕላን መድኃኒት ይረጭባታል። ስለዚህ የማማው ልጅ ለመዝናናት አያይም። ቢሆንም የትኛው ወፍ እህል እንደሚያጠፋ፣ የትኛው ትል ለቅሞ እንደሚሄድ ከአበራረሩና ከድምፁ ይለያል። ይህን የመሰለ እውቀት ሳይጻፍ መቅረቱ ያሳዝናል።

እንደ ሃንትሊ ሜዶውስ ወፍ የሚታይበት ውሃም ለዋግ ልጅ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ሰፊ ሐይቅ ፈጥሮ የዋግን ወጣቶች ዓሣ አጥማጅ አድርጓቸዋል፤ የትኞቹ ዓሣ በል ወፎች እንደሚመላለሱበት መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። ከሰቆጣ በኮረም አድርጎ የሚሄድ ሰው ሐሸንጌ ሐይቅን ያገኛል፤ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች በብዛት ያርፉበታል።

ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ባላት አገር የገበሬና የወፍ አጥኚ ትብብር አዲስ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው በርጋ ረግረግ፣ ነጭ ክንፍ ያላትን ለመጥፋት የተቃረበች ትንሽ ወፍ ለማዳን የአካባቢው ሰው ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሠርቷል።

ለጥምቀት ሰቆጣ የሚገባ ዳያስፖራ ዳክዬዎቹ ሐይቁ ላይ ባሉበት ወር ይደርሳል። ሻንጣው ውስጥ አንድ መነጽር ይጨምር፤ ማማ ላይ ያደጉ የአክስት ልጆቹን ይዞ ግማሽ ቀን ሐሸንጌ ዳር ይዋል፤ እነሱ በኽምጣንኛም በአማርኛም የሚጠሩትን ስም ከብዛቱ ጋር ይጻፍ።